በላይነሽ ያልቀመሰችው ጣፋጭ

ይድረስ ለእታለሜ ለእናኑ። እንደምን ከርመሻል? ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? ያ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽ ዘንድሮስ ተወሽ ወይ? ወንድሜ አስናቀው እንደምን አለ? ሳሉስ ለቀቀው? ልጅሽ አሰጋሽ ከቁመትሽ በለጠች ወይስ ገና ናት? ቡሬና ዳልቻ እንዴት ናቸው? ታመው ሰንብተዋል ብሎኝ ነበር ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ጋረደው። በሬን ከሰው እኩል ጠየቀ እንዳትይኝ፤ በሬ ከሌለ ሰውም እንደማይኖር ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ ከሙቀቱና ከናፍቆቱ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም፤ ሙቀቱንስ ለመድኩት።

ከሁሉ አስቀድሜ የምሥራች ልበልሽ፤ በላይነሽና ማሬ በሰላም ገብተዋል። ሐሙስ ሚያዝያ 22 ቀን፣ ከድንበሩ አጠገብ ከባሱንዳ ማሽላ ጭኖ በመጣ መኪና ላይ ተቀምጠው፣ አቧራ ለብሰው፣ ከገበያው አጠገብ ወረዱልኝ። ጡት ስትጠባ ትቻት የመጣሁት ልጅ ስድስት ዓመት ሞልቷት እናቷን በቀሚሷ ይዛ ቆመች። ጎንበስ ብዬ ልስማት ስል ትክ ብላ አየችኝና «አንቱ ነዎት አባቴ?» አለችኝ። አዎ ልላት ስል በገበያ መሐል እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሱዳኖቹ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

ግን እታለሜ፣ ሦስት ሰው ስጠብቅ የወረዱልኝ ሁለት ናቸው። ልጃችን ታከለስ? አልኳት በላይነሽን። «ከእናኑ ዘንድ ቀረ፤ እርሻው እንዳይሰናከል ብሎ ነው» አለችኝና ፊቷን ወደ ጓዟ መለሰች። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሞፈርና ቀንበር ያውቃል፣ አክስቱንም ይወዳል። ነገር ግን ቀኑ በገፋ ቁጥር ሆዴ አልቀበል አለ። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለአንዲት ጥያቄ ነው፤ ታከለ አንቺ ዘንድ አለ ወይስ የለም? አንቺ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠርሽ፣ በመሐላችን አንባቢ ሳይገባ እጠይቅሻለሁ፣ አንቺም በገዛ እጅሽ መልሺልኝ። ለምን እንደተጠራጠርኩ ደግሞ ከነአመጣጡ ልንገርሽ። ነገሩ የሚነሣው ከአንድ የጣልያን ጣፋጭ ነው። አትሳቂ፣ ቁም ነገር ነው።

አሁን የምሠራው ስደተኞቹን ከሚያክሙት ሐኪሞች ቤት እንደሆነ ባለፈው ጽፌልሽ ነበር። መጀመሪያ በር ጠባቂ ነበርኩ፤ ኋላ የወጥ ቤቱ ሰው ወደ ከሰላ ሲሄድ «አየነው፣ አንተ ትችላለህ» ብለው ከምድጃው ፊት አቆሙኝ። ወንድ ልጅ ጓዳ ከገባ ጢሙ አያድግም እያልሽ ታባርሪኝ አልነበር? ይኸውና በአርባ ሦስት ዓመቴ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው፤ ጢሜም አድጓል። ከሐኪሞቹ አንዷ ዶክተር ክላራ የምትባል ጣልያን ናት፤ ሥራ የማትፈታ፣ ሳቂታ፣ ትንሽ ትንሽ አማርኛ የምትሞክር ሴት ናት።

ዘንድሮ የነሱም ፋሲካ የኛም ፋሲካ አንድ ቀን ዋለ። በበዓሉ ዋዜማ ዶክተሯ ወጥ ቤት ገብታ እጅጌዋን ሰበሰበችና አንድ ነገር ልትሠራ ተነሣች። ብስኩት በእጇ ሰባበረች፤ ቅቤና ስኳር አሸች፤ እንቁላል በጥሬው አፈረጠችበት፤ ካካዎ የሚሉትን ጥቁር ዱቄት ነሰነሰችና ለወሰችው። ከዚያ በወረቀት ጠቅልላ፣ እንደ ክንድ አድቦልቡላ፣ ተላጃ ውስጥ ከተተችው። ተላጃ የሚሉት እዚህ በመብራት የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ሣጥን ነው። እሳቱን የምትለኩሰው መቼ ይሆን ብዬ ክብሪቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እሳት የለም አለችኝ። በቃ አለቀ፣ ነገ ይቆረጣል። ኧረ ጉድ አልኩ በሆዴ፤ እሳት ያልነካው ነገር እንግዳ ፊት ይቀርባል?

በማግስቱ ከወረቀቱ ስታወጣው ጥቁር ድንጋይ መሰለኝ። በቢላ ስትቆርጠው ግን ከውስጡ የብስኩቱ ስባሪ ነጭ ነጭ እያለ ብቅ አለ። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ቀመስኩት። እታለሜ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ? ይቀዘቅዛል፣ ይጣፍጣል፣ ጥርስ ላይ ይሰበርና ምላስ ላይ ይቀልጣል። ወዲያው ትዝ ያለኝ ታከለ ነው። ከሰርግ ቤት ስመለስ ኪሴን እየፈተሸ ስኳር ይፈልግ አልነበር? ጋረደው ከፋሲካ በኋላ ቤተሰቤን እንደሚያሻግርልኝ ከነገረኝ ወር ሆኖት ነበርና፣ የመጡ ዕለት ይህን አቀርብላቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ቃል መግባት ቀላል ነው። ዶክተሯን አስፈቅጄ ብቻዬን ልሞክር አልኩና ጉድ ሠራሁ። ቅቤ በጥሬው ሰው ፊት ማቅረብ አላስችል አለኝ፤ ጎንደሬ አይደለሁ? ቅቤውን በኮረሪማና በኮሰረት አነጠርኩት። ትኩሱን ቅቤ ከነጭሱ እንቁላሉ ላይ ባፈስሰው እንቁላሉ ጨሰና ተጨማደደ፤ በላዩ ካካዎ ስጨምርበት ጥቁር የእንቁላል ፍርፍር ሆነ። ሽታው ደግሞ የዶሮ ወጥ ነው፣ ጣዕሙ የስኳር! ዶክተር ክላራ መጥታ በማንኪያ ቀመሰችና ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ውሃ ሆንኩ። ከዚያ ግን እጄን ይዛ እንደገና አሳየችኝ፤ ብስኩቱንና ካካዎውንም እኔው እንድወስድ ሰጠችኝ፤ ለሚስትህ ከኔ ነው አለችኝ።

እንግዲህ ሐሙስ መጡ አልኩሽ። አርብ ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ ነው፤ እዚህ ደግሞ አርብ ሥራ የለም። የአገራችን ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ እንደሚመጡ አውቄ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ጣፋጩን ሠራሁ። እንዳላነጥር ምላሴን ነክሼ ቅቤውን በጥሬው አሸሁ። ችግሩ ማቀዝቀዣው ነበር። በዚህ ወር ገዳሪፍ ማለት ምጣድ ነው፤ ቅቤ ቀርቶ ሰውም ይቀልጣል። ስለዚህ ጥቅልሎቹን ይዤ ወደ ቤት አከራዬ ወደ ኡምሰልማ ሮጥኩ፤ ከግቢያችን ተላጃ ያላት እሷ ብቻ ናት። ረመዳን ከገባ ሁለተኛ ሦስተኛ ቀኑ ነበርና እሷ ጾመኛ ናት። ወረቀቱን አሽትታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ «አየነው፣ ሰው በጾም ቀን እንዲህ ያለ ነገር ጎረቤቱ ቤት ያስቀምጣል?» ብላ ተቆጣችኝና ከታች፣ ከበረዶው አጠገብ አኖረችልኝ። ጣልያኖቹ ጣፋጩን የሚጠሩት በአሳማ ሥጋ ቋሊማ ስም ነው፣ በቅርጹ ብቻ። ያንን አልነገርኳትም።

ከቅዳሴ መልስ ሰዉ መጣ፤ ስምንት ዘጠኝ እንሆናለን። በላይነሽ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጠጉሯን ተሠርታ፣ ከመሐላችን ተቀመጠች። ጣፋጩን እንደ ቋንጣ ስስ ስስ አድርጌ ቆርጬ በሰሐን አመጣሁ። ወንዶቹ መጀመሪያ አሾፉብኝ፤ አየነው ሴት ወጣው አሉ። ከዚያ አንድ አንድ አነሡና፣ ሹፈቱን ትተው ሁለተኛ አነሡ። ማሬ ጉንጮቿ እስኪጠቁሩ በላች። እኔም ሦስት ቆርጬ በላሁና ጣቴን ላስኩ፤ ይህን ያዢልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ ትልቁን ቁራጭ አነሣሁና ለበላይነሽ ላጎርሳት እጄን ዘረጋሁ።

ፊቷን መለሰችብኝ።

አጎንብሳ ቁራጩን በእጇ ተቀበለችኝና «ቆይ፣ እበላዋለሁ» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ሰዉ እንዳላየ ሆነ። አምስት ዓመት ተለይታኝ የመጣችው ሚስቴ፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ጉርሻዬን መለሰች። አበስኩ ገበርኩ! እጄን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። እንግዶቹ ሲወጡ ጠየቅኋት። «ጥርሴን አሞኝ ነው» አለችኝ። እሰይ፣ ጥርስ ብቻ ነው ብዬ ቅርንፉድ ገዝቼ አመጣሁላት። በማግስቱ ነጠላዋን ስታጥብ አየሁ፤ ቋጠሮው ውስጥ ያለው ቀልጦ፣ ነጩ ነጠላ ቡናማ ሆኗል። አጥባ አጥባ አልለቅ ብሏት ጀርባዋን ሰጥታኝ ታሸዋለች።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ጣልኩባት። በዓለ ሃምሳ ነው እታለሜ፤ ረቡዕ የለ፣ አርብ የለ፣ ማንም ክርስቲያን አይጾምም። እሷ ግን ዶሮ አቀርባለሁ፣ ለማሬ ታጎርሳለች እንጂ ራሷ አትነካም። ወተት አመጣለሁ፣ አልጠማኝም ትላለች። ሽሮና ፉል ብቻ፣ እሱንም በዘይት። ጥርስ ያመመው ሰው ፉል እያላመጠ ወተት ይተዋል? ግራ ገባኝ። አንዴ ሌላ ሴት ይዟል ብለው ነግረዋት ይሆን እላለሁ። አንዴ የኸዋጃ እጅ የነካውን ተጸየፈችው ይሆን እላለሁ፤ ነጮቹን እዚህ ኸዋጃ ነው የምንላቸው። አንዴ ደግሞ ያን የአሳማ ስም ከአንዱ ሰምታ ይሆን እላለሁ። እሱ ሁሉ ሲያልቅብኝ የታከለ ነገር ይመጣብኛል። ስሙን ባነሣሁ ቁጥር ትነሣና የምትሠራው ነገር ትፈልጋለች። ስለዚህ እባክሽ እታለሜ፣ ልጄ አንቺ ዘንድ ካለ በገዛ እጁ ስሙን ጽፎ ይላክልኝ።

ይህን ማክሰኞ ዕለት እዚህ ላይ አድርሼ ጋረደውን ስጠብቅ ትቼው ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። አሁን የምጽፍልሽ ሌላ ሰው ሆኜ ነው።

ትናንት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ኡምሰልማ ከነትሪዋ መጣች። ተምር፣ ሾርባ፣ የሚጠጣ ነገር ይዛ በራችን ላይ ቆመችና፣ ሚስትህን ጥራልኝ፣ አብረን እናፍጥር አለችኝ። ለምን? አልኳት። «ስድስት ቀን ሙሉ አይቻታለሁ፤ ወተት መለሰች፣ ሥጋ መለሰች። ሰልማለች፣ አንተን ፈርታ ነው የደበቀችህ። እንዳትመታት!» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሳቄ ሳያልቅ ለበላይነሽ በአማርኛ ነገርኳት፤ ኡምሰልማ ረመዳን የያዝሽ መስሏታል አልኳት። በላይነሽ አልሳቀችም። ማሬ ግን ከመሬት ቀና ብላ «ጾም እኮ አይደለም፣ ስለት ነው። ታከለን ወታደሮቹ ሲመልሱልን እማዬ ቅቤ ትበላለች» አለች።

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባል የለ? የበሰለው ነበር የወጣው። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። በላይነሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ኡምሰልማ ቋንቋውን ሳታውቅ ነገሩ ገባት፤ ትሪዋን መሬት አስቀምጣ ከጎኗ ተቀመጠች።

ከዚያ በላይነሽ ነገረችኝ። አንቺ የምታውቂውን ነው የነገረችኝ። ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ገበያ፣ ታከለ ጨው ሊገዛ ዳባት እንደወረደ፣ ወታደሮች ገበያውን ከበው ጎረምሳ የተባለውን ሁሉ በመኪና እንደጫኑት። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ እንደመጣ፣ ወደ ሰሜን ልንሄድ ነው የሚል፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ እንደጠፋ። እሷም በዚያው ሰሞን የመንደራችን ጊዮርጊስ ደጅ ቆማ፣ «ልጄን በዓይኔ እስካየው ቅቤና እንቁላል፣ ሥጋና ወተት ከአፌ አይገባም» ብላ እንደተሳለች። በሃምሳው መጾም አይገባም፣ ቀኖናው ይከለክላል አልኳት፤ ዳዊት የደገምኩ ሰው አይደለሁ? «እኔ አልጾምኩም፤ የሰጠሁትን ቃል እየጠበቅሁ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ያ ሦስት ቁራጭ ትዝ አለኝ። ልጄ የት እንደወደቀ ሳይታወቅ እኔ ጣቴን እልስ ነበር። እናቱ ከጎኔ ተቀምጣ፣ አውቃ፣ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። እፍረቱ ከአንገቴ አልወርድ አለኝ።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ፤ አልደብቅሽም። ጫማዬን አሠርኩ። ዱላዬን አነሣሁ። በመተማ ገብቼ፣ ይያዙኝ፣ ልጄን ግን ልፈልገው ብዬ ተነሣሁ። በላይነሽ በሩ ላይ ቆመች። «እናኑ ያለችው ይኸው ደረሰ። አትንገሪው፣ የሰማ ዕለት ተነሥቶ ይመጣል፣ ሁለቱንም ነው የምናጣው ብላኛለች። አንዱን ወስደውብኛል፣ ሁለተኛውን በእጄ ልስጥ?» አለችኝ። ማሬ ሰምታ ጮኸች። ኡምሰልማ ዱላዬን ከእጄ ወሰደችና ቤቷ ይዛ ሄደች። ይኸው እስካሁን አልመለሰችልኝም።

አንቺ ነሽ ለካ አትንገሪው ያልሽ! ትናንት ተናድጄብሽ ነበር እታለሜ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ክፉኛ ተናድጄብሽ ነበር። አባት ነኝ፣ አራት ወር ሙሉ ልጄ ያርሳል እያልኩ ለሰው ሳወራ ከረምኩ። በፋሲካ ሳይቀር፣ ልጄ ዘንድሮ ብቻውን ጠመደ ብዬ ኮርቻለሁ። ደግሞ እዚያው ላይ ጫማዬን እያየሁ፣ እናኑ ታውቀኛለች፣ ብነገር ኖሮ በጥር ነበር የምሄደው እላለሁ። ልቆጣሽ ወይስ ልመርቅሽ አላውቅም። ሁለቱም በአንድ ቀን ይመጡብኛል።

በላይነሽ ሌላም ነገረችኝ። መኪናው ሲነሣ አንቺ በሶ ቋጥረሽ ልታቀብይው ከኋላው ሮጠሻል አሉ፤ እስከ ድልድዩ ድረስ፣ ያን ጉልበትሽን ይዘሽ። ወድቀሽ ተነሥተሻል። ቋጠሮው እጁ ገብቷል አሉ። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ቁጭ ብዬ ጉልበትሽ ተወሽ ወይ ብዬ እጠይቅሻለሁ። ይቅር በይኝ። ያ ጉልበት ልጄን እስከ ድልድይ ሸኝቶልኛልና እንግዲህ ቅባት ልኬልሻለሁ፤ ማታ ማታ እሺው።

አሁን የምልሽን በደንብ ስሚ። የጻፍኩትን ይህን ሁሉ አንብበሽ ስትጨርሺ ከምድጃ ጨምሪው፤ በሰው እጅ ቢገባ ለአንቺም ለአስናቀውም አይበጅም። የመጨረሻዋን የወረቀት ቅጠል ግን አታቃጥዪ። እሷ ላይ የጻፍኩት የጣፋጩን አሠራር ብቻ ነው፣ ማንም ቢያያት ነገር የላትም። ታከለ ቢለቁት፣ ወይም እግዚአብሔር አውጥቶት ቢመጣ፣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው ያንቺን በር ነው እንጂ የእኔን አይደለም። እኔ አልደርስለትም። ስለዚህ አንቺ ትሠሪለታለሽ። ካካዎውን ከነጣሳው፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከቅባቱ ጋር በጋረደው እጅ ሰድጃለሁ። ብስኩቱ መንገድ ላይ ይደቃል ብዬ ተውኩት፤ በላይነሽ ከጎኔ ሆና «ዳቦ ቆሎ ይሁንላት፣ እሱ ዳቦ ቆሎ ይወዳል» ትላለች። ዶክተር ክላራ ብትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም፤ እኛ ግን እንዲህ ወስነናል።

ቅጠሏ ላይ ያለው ይኸውልሽ፤ እዚህም ልድገምልሽ። ዳቦ ቆሎውን አራት እፍኝ ወስደሽ በድንጋይ ሸርከት ሸርከት አድርጊው፤ ዱቄት እንዳይሆን። ለጋ ቅቤ የጡጫሽን ያህል፤ እንዳታነጥሪው፣ ኮረሪማ የሚባል እንዳታስጠጊበት፣ እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። ስኳር ሁለት ስኒ፤ ስኳር ከጠፋ ማር አንድ ስኒ። ቅቤውንና ስኳሩን እስኪነጣ እሺ። የዕለት እንቁላል ሁለት፣ በጥሬው አፍርጪበት፤ አትፍሪ። ካካዎ ሁለት ስኒ ነስንሺ፤ ዳቦ ቆሎውን ጨምረሽ ለውሺ። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለሽ እንደ ክንድ አድቦልቡዪው። እሳት አይነካውም። ተላጃም አትሺም፤ እናንተ ዘንድ ብርዱ ሞልቷል፤ ከደጅ በእንስራ ውስጥ ከድነሽ አሳድሪው፣ ሲነጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ለሱ መጀመሪያ ቁረጪለት። ከዚያ ወዲያው ሰው ላኪብን፤ በላይነሽ የምትበላው ያኔ ነው።

እዚህ አንድ ጥቅልል ሳይቆረጥ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ልወስደው ብሄድ ኡምሰልማ አልሰጥም አለችኝ፤ ከተላጃው ጥግ አስገብታ በጨርቅ ሸፍናዋለች፤ የልጁ ነው፣ እሱ ሳይመጣ ማንም አይነካውም አለችኝ። ዶክተሯ ከሳምንት በላይ አይቆይም ብላኛለች። ለኡምሰልማ አልነገርኳትም።

እንግዲህ ሰላምታዬን ላድርስ። ወንድሜን አስናቀውን ጉንጭና ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ሳሉን በማር ያብርደው። አሰጋሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ገበያ ብቻዋን እንዳትወርድ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ስማቸውን ብጠራ ወረቀቱ አይበቃኝም፣ አየነው ሰላም ብሏል በያቸው። ለቡሬና ለዳልቻ ጨው አልሱልኝ። በላይነሽ እጅሽን ትስማለች። ማሬም ስሜን ጻፍልኝ ብላ ክንዴን ይዛኛለች፤ ይኸው ማሬ ብዬ ጻፍኩላት።

እስከዛሬ በጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ ከአንቺ ቀጥዬ የምጠራው ታከለን ነበር። ዛሬ ከየት እንዳስገባው ግራ ገብቶኝ ስጽፍ ዘለልኩት፤ ስጨርስም የሚቀረኝ እሱ ብቻ ነው። የሱን ሰላምታ ከካካዎው ጣሳ ጋር አስቀምጪለት።

ወንድምሽ አየነው

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1979 ዓ.ም.